ዘ ዋየር፦ ሁለተኛውን ምዕራፍ ዘልላችሁ ስለ አራተኛው እንዴት ትፈርዳላችሁ?

የኋላ ወንበር

ሰላም ለሁላችሁ። ድራማውን እስከ መጨረሻው ክፍል ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ሁሉ ይነገራል።

በሌላ ርዕስ ሥር አንድ ሰው ዘ ዋየር የተባለውን የአሜሪካዋን የባልቲሞር ከተማ የወንጀል ድራማ ለሚጀምር ጓደኛው «ሁለተኛውን ምዕራፍ ዝለለው፤ የወደብ ሠራተኞች ታሪክ ነው፣ ከዋናው ጋር አይገናኝም» ብሎ ሲመክር አነበብኩ። ከሥሩ ብዙዎች ተስማምተዋል። ይህ ምክር አንጀቴን አሳርሮታል። ስለዚህ ደረጃዬን ልናገርና እንከራከር፦ አራተኛው ምዕራፍ ከሁሉም በላይ፤ ከዚያ ሁለተኛው፤ ከዚያ አንደኛው፤ ሦስተኛው ቀጥሎ፤ አምስተኛው መጨረሻ።

ለረሳችሁ ላስታውስ። ድራማው በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ከ2002 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ታየ፤ አምስት ምዕራፍ፣ 60 ክፍል። ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ የፖሊስ ዘጋቢ ነበር። አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ በዚያው ከተማ የግድያ ወንጀል መርማሪ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ መምህር ሆኗል። አንደኛው ምዕራፍ የዕፅ ንግዱንና የስልክ ጠለፋውን፣ ሁለተኛው ወደቡን፣ ሦስተኛው የከተማውን አስተዳደር፣ አራተኛው ትምህርት ቤቱን፣ አምስተኛው የጋዜጣውን ዝግጅት ክፍል ይዟል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንደኛው ምዕራፍ በምዕራብ ባልቲሞር መንገድ ዳር ዕፅ የሚሸጡትን ልጆች አሳየን። ሰዓት ያከብራሉ፣ ሒሳብ ይይዛሉ፣ ትእዛዝ ይሰማሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ለምን ሌላ ሥራ የለውም? ድራማው ይህን የሚመልሰው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ይህ ምዕራፍ በታየበት በ2003 የባልቲሞሩን ግዙፍ የስፓሮውስ ፖይንት ብረት ፋብሪካ ሲያስተዳድር የኖረው ቤተልሔም ስቲል ኪሣራ ካወጀ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በታሪኩ ውስጥ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆነው ፍራንክ ሶቦትካ ኮንቴይነር በድብቅ ያሳልፋል፤ ከኮንትሮባንዲስቶቹ የሚቀበለውን ገንዘብ ግን ቤቱ አይወስደውም። ለፖለቲከኞችና ለጉዳይ አስፈጻሚ ይከፍለዋል፤ የመርከብ መግቢያው ቦይ በጥልቀት እንዲቆፈርና የእህል ማራገፊያው እንደገና እንዲከፈት ይለምንበታል። በአንድ ትዕይንት ላይ የሮተርዳምን ወደብ ፊልም ያሳዩታል። ያለ ሰው የሚሠራውን ክሬን ሲያይ የፊቱን ለውጥ ተመልከቱ። ያ ሰው የልጅ ልጆቹ ሥራ ሲጠፋ እያየ ነው።

«አይገናኝም» የምትሉ ደግሞ ይህን መልሱልኝ፦ የዕፅ ንግዱ አለቃ የኤቨን የእህት ልጅ ዲአንጄሎ ባርክስዴል በስንተኛው ምዕራፍ ነው እስር ቤት ውስጥ የሚገደለው? በሁለተኛው። ማን አስገደለው? የኤቨን ምክትል ስትሪንገር ቤል። ይህን ያላየ ሰው በሦስተኛው ምዕራፍ ስትሪንገርና ኤቨን ሲለያዩ ምን ይገባዋል?

ባለ ፔጀሩ

ከክርክሩ በፊት አንደኛውን ምዕራፍ ሦስተኛ ማድረግህ አሳዝኖኛል።

የአንደኛው ምዕራፍ ኃይል ጥበቱ ነው። አንድ ምርመራ፣ አንድ ቡድን፣ አንድ ምድር ቤት ቢሮ። ዛሬ ብዙ የወንጀል ድራማ በአንድ ክፍል ገዳዩን ይዞ ያስረክበናል። እዚህ ግን ስልክ ለመጥለፍ ብቻ ስንት ወረቀት ይጻፋል! ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ አለመሳካቱን ለዳኛ ማስረዳት አለባቸው። ስልኩ ሲደወል ደግሞ ደዋዩን በዓይኑ ያየ ፖሊስ ጣሪያ ላይ መኖር አለበት፤ ያለዚያ ማስረጃ አይሆንም። ፕሬዝ የተባለው ፖሊስ ዕፅ ሻጮቹ በፔጀር (ቁጥር ብቻ በሚቀበል የኪስ መሣሪያ) የሚላላኩትን ምሥጢራዊ ቁጥር የሚፈታበት ትዕይንት፣ በስልኩ ሰሌዳ ላይ አምስትን ተሻግሮ በማዶ ያለውን ቁጥር ማንበብ መሆኑን ሲደርስበት፣ ያለ ተኩስ ያለ ሩጫ ልብ የሚሰቅል ነው።

ደግሞም ዋላስ አለ። ዕፅ እየሸጠ ወላጅ ያልቀረላቸውን ታናናሾች በባዶ ቤት የሚያሳድር፣ ጠዋት ቁርሳቸውን አስይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ የ16 ዓመት ልጅ። ጓደኞቹ ቦዲና ፑት ሊገድሉት በሩን ዘግተው ሲቆሙበት ድራማው ሙዚቃ አላስገባም፤ አላለቀሰልንም። ከዚያ በኋላ የመጡት ምዕራፎች ሁሉ ያንን ክፍል ሊደርሱበት ሲሞክሩ የኖሩ ይመስለኛል። አራተኛው ምዕራፍ አራት ዋላሶች አሉት፤ እኔ ግን አንዱ ይበቃኛል።

ዲአንጄሎ ለቦዲና ለዋላስ ቼዝ የሚያስተምርበትን ትዕይንት ማንም አልጠቀሰውምና እኔ ልጥቀሰው። ቦዲ ወታደሩ እስከ ማዶ ከዘለቀ ንግሥት ሊሆን እንደሚችል ሲሰማ ዓይኑ ያበራል። የዚያን ጨዋታ መልስ በአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ቦዲ በመንገድ ማዕዘኑ ላይ ብቻውን ሲቀር እናገኘዋለን። ዘሩ ግን በአንደኛው ነው የተዘራው።

የአሰብ ልጅ

የኋላ ወንበር፣ እጅህ ይባረክ። እኔም ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ ልናገር፤ ለእኔ የባዕድ ታሪክ አይደለምና።

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ነበር። መርከብ ሲገባ የሚራገፈውን ከሰነዱ ጋር እያመሳከረ ይመዘግባል። የሶቦትካ ማኅበር አባላትም ዕቃ ቆጣሪዎች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ዕቃ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከአሰብ የተነሣው ሕዝብ በየከተማው ተበተነ፤ እኛም አዲስ አበባ ገባን። አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ሠርቷል፤ ግን ስለ ራሱ ሲጠየቅ እስኪሞት ድረስ «የወደብ ሠራተኛ ነኝ» ይል ነበር።

ስለዚህ የፍራንክን የወንድም ልጅ ኒክን ሳየው እንባዬ ይመጣል። ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው፣ መሥራት ይፈልጋል። ነገር ግን መርከቡ ጥቂት ነው፤ ቅድሚያውም በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ በወር የሚደርሱት የሥራ ቀኖች እፍኝ አይሞሉም። ሴት ልጅ አለችው፤ ከእናቷ ጋር የሚኖሩበት ቤት ይፈልጋል፤ አክስቱ ትኖርበት የነበረውን ቤት ሊገዛ ቢሄድ ሰፈሩ አዲስ ስም ወጥቶለት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ወደ ዕፁ የገባው በዚህ በር ነው። ስግብግብ ሆኖ የገባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያሳምመኝም ነበር።

የፍራንክን ልጅ ዚጊን ብዙ ሰው ይጠላዋል። ጩኸቱና ቀልዱ ያደክማል ይላሉ። እኔ ግን ያታለለውን ነጋዴ ተኩሶ ከገደለ በኋላ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገብቶ የሚንቀጠቀጥበትን ትዕይንት ካየሁ ጀምሮ ልጠላው አልቻልኩም። አባቱ የሚሮጠው ለመላው ማኅበር ነው፤ የገዛ ልጁን ግን አላየውም።

የኋላ ወንበር

የአሰብ ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ስለ ዕቃ ቆጣሪዎቹ የጻፍከው እኔ በሦስት አንቀጽ ካልኩት ይበልጣል።

ባለ ፔጀሩ፣ የዋላስን ክፍል አልክድህም። አንደኛውን ዝቅ ያደረግኩት በሌላ ምክንያት ነው፦ ድራማው ገና ከተማውን አላየም። ፖሊስና ዕፅ ሻጭ ብቻ ናቸው። ባልቲሞር የምትባል ከተማ ሙሉ ሆና የምትታየው ከወደቡ ጀምሮ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ

እንደምን አላችሁ ልጆች። በጡረታ ላይ ያለሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን ድራማ ልጄ ናት ያሳየችኝ። የቀደሙትን ምዕራፎች በትዕግሥት አየሁ፤ አራተኛውን ግን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።

አራተኛውን የጻፈው ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ የቆመ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ያስታውቃል። ከፖሊስነት ወጥቶ መምህር የሆነው ፕሬዝ የመጀመሪያ ዕለት ስሙን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪው አይሰማውም። ለምን እንደማይሰማው አያውቅም፤ ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል። አዲስ መምህር ሁሉ ያለፈበት ነው። ከዚያ ዳይስ አምጥቶ ዕድልን ማስላት ሲያስተምራቸው፣ መንገድ ዳር የሚቆማመሩት ልጆች ከእርሱ ቀድመው ሒሳቡን ይይዙታል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በቃል መቁጠር አይችልም የተባለ ልጅ ገበያ ላይ መልስ ሲመልስ አይሳሳትም። ፕሬዝ መንገዱን ባገኘ ማግስት ግን ፈተና ደረሰ ተብሎ ያንን ጥሎ የፈተና ጥያቄ ብቻ እንዲያስጠና ይታዘዛል። ትምህርት ቤቱ የሚመዘነው በውጤቱ ነዋ! ፖሊስ ጣቢያው በእስረኛ ቁጥር እንደሚመዘን ሁሉ። ፕሬዝ ራሱ ይህን ያስተውለዋል፤ ከሁለቱም ቤት ያለፈ እርሱ ብቻ ነውና።

ዱኪን ላንሣ። ልብሱ ስለሚሸት የሚሸሹት ልጅ። ፕሬዝ ንጹሕ ልብስ ይሰጠዋል፣ ትምህርት ቤት ገላውን እንዲታጠብ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን ያስነካዋል። ልጁ ያብባል። ወዲያው በዓመቱ አጋማሽ «ወደ ሁለተኛ ደረጃ አልፈሃል» ይባልና ከሚያውቀው ብቸኛ ደግ ሰው ይነጠላል። ቅጹ ላይ መልካም ዜና ነው፤ ልጁን ግን ያጠፋዋል። ትልቁ ሕንፃ በር ድረስ ሄዶ ሳይገባ ሲመለስ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ባለ ፔጀሩ ወንድሜ «አንድ ዋላስ ይበቃኛል» ብለዋል። እኔ አንድ አይበቃኝም። የአንድ ልጅ ሞት አንዱን ገዳይ ያስጠላናል። አራት ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ናሞንድ ብቻ በቀድሞው ፖሊስ በኮልቪን ቤት ሲተርፍ፣ ማይክል ጠመንጃ ሲይዝ፣ ራንዲ ወደ ልጆች ማቆያ ሲመለስ፣ ዱኪ መርፌ ወዳለበት ሲሄድ፣ የዕጣው አወጣጥ ምን ያህል ከልጆቹ ጠባይ ውጭ እንደሆነ ይታያል። ከአራቱ የተረፈው እኮ ጨዋው አልነበረም!

ፖሊሱ ካርቨር ራንዲን ለማዳን የሞከረውን ሁሉ ሞክሮ ሲያቅተው መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በቡጢ የሚደበድብበት ትዕይንት አለ። እኔ ከሁሉም ምዕራፎች ያንን አስቀድማለሁ።

የሜሪላንዱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ባልቲሞር ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ብዙ ሐበሻ ግን ከዋሽንግተን ማዶ ያለውን ያን ከተማ በዚህ ድራማ ነው የሚያውቀው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ ለምትከራከሩት፦ ፍራንክ ሶቦትካ በመጨረሻ ወደ ኮንትሮባንዲስቶቹ አለቃ ወደ ግሪኩ ሲሄድ ከበላዩ የሚታየው ድልድይ በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት የወደቀው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነው። ሌሊት መንገዱን ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሁሉም ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የመርከብ መግቢያው ለሳምንታት ሲዘጋ የወደቡ ሠራተኞች ያለ ሥራ ቆሙ። በዚያ ሰሞን ሁለተኛውን ምዕራፍ እንደገና አየሁት፤ ከ20 ዓመት በላይ ያለፈው ታሪክ ምንም አላረጀም።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ አራተኛ ደረጃ ላይ ማስቀመጣችሁን እቃወማለሁ። ከአምስቱም ደፋሩ እርሱ ነው። ሻለቃ ኮልቪን ጡረታው ሲቃረብ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሰው በለቀቃቸው ሦስት ቦታዎች ዕፅ ሻጮቹ ሳይያዙ እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ በሌላው ሰፈር ግን አንድም እንዳይታይ። «ሐምስተርዳም» የተባለው ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ወይ ያሞግሰዋል ወይ ያወግዘዋል። እዚህ ግን ሁለቱንም አብረን እናያለን፦ አሮጊቷ ደጃፏ ላይ አበባ ታጠጣለች፤ ሱሰኛው ባብልስ በሌሊት ሐምስተርዳም ውስጥ ሲያልፍ የሚያየው ደግሞ ሲኦል ነው። ከንቲባው ነገሩን ሲሰማ ወዲያው አላፈረሰውም፤ ወንጀል ቀንሷልና አመነታ። በመጨረሻ ቡልዶዘር መጣ፣ የኮልቪን ማዕረግና ጡረታ ተቀነሰ፣ ተስፋ ያደረገው የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ሥራም ቀረ። በአራተኛው ናሞንድን የሚያሳድገው ሰው ከዚህ ፍርስራሽ ውስጥ ነው የወጣው፤ መምህር ልብ ይበሉልኝ።

ደግሞም ስትሪንገርና ኤቨን በረንዳው ላይ ከከተማው በላይ ቆመው ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩበት ትዕይንት! ሁለቱም አንዱ ሌላውን አሳልፎ ሰጥቷል፤ ሁለቱም ይህንን ይዘው ይተቃቀፋሉ። ያ ክፍል በ2005 በድርሰት ለኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጨ፤ አልተሸለመም። ድራማው በአምስት ምዕራፍ አንድም ኤሚ አላገኘም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በሦስተኛው ምዕራፍ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ የሚጫወተው ሜልቪን ዊሊያምስ በ1980ዎቹ የባልቲሞር ታዋቂ ዕፅ አከፋፋይ ነበር። በ1984 ያስያዘው ምርመራ ውስጥ የነበረው ራሱ ኤድ በርንስ ነው። ይህን አውቃችሁ ከኮልቪን ጋር ሲነጋገር ስሙት።

ሠላሳ ሦስተኛ ፎቅ

ከዱባይ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ ስትጽፉ ስለ ፍራንክ፣ ስለ ኒክ፣ ስለ ዚጊ ጻፋችሁ። ምዕራፉ በምን እንደሚጀምር ማንም አላነሣም። ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 13 ሴቶች ናቸው። አንዷ ደግሞ ቀድማ ባሕር ላይ ተንሳፍፋ ተገኝታለች።

እኔ በምኖርበት ከተማ ብዙ የአገሬ ልጆች ወረቀታቸው ተቀምቶ በሰው ቤት ሲሠሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ያንን ምዕራፍ የማየው ከሴቶቹ ወገን ነው። ድራማው መጀመሪያ ላይ ልክ ነበር። የሞቱትን መዝገብ ማንም አለቃ አይፈልገውም፤ ያልተፈታ ግድያ ቁጥሩን ያበላሽበታል። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወደ ሌላው ይገፋዋል። መርማሪው ማክነልቲ የባሕሩን ሞገድ አስልቶ ሬሳው የወደቀው በአለቃው በራውልስ ክልል መሆኑን የሚያረጋግጠው ለሴትዮዋ አዝኖ አይደለም፤ ራውልስን ለመበቀል ነው። ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ነው የሚሠራው። በኋላ የአንዷን ስም ለማወቅ ሲደክም ደግሞ ልቤን ነካው። ስሟን ሳያገኝ ቀረ።

ነገር ግን ምዕራፉ ሲጋመስ ሴቶቹ ጠፉ። ታሪኩ የወንዶቹ ሥራ ማጣት ሆነ። ፍራንክ ያሳለፈው ኮንቴይነር ውስጥ ሰው እንዳለ ሲያውቅ ደነገጠ፤ ደንግጦም ከእነዚያው ሰዎች ጋር ቀጠለ፤ እኛም አብረን እንድናዝንለት ተጠየቅን። የአሰብ ልጅ ወንድሜ፣ የአባትህን ታሪክ አከብራለሁ። ሆኖም ሶቦትካን የተጎዳ ሰው ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደኛል።

በአጠቃላይ ድራማው ሴትን መጻፍ ላይ ደካማ ነው። መርማሪዋ ኪማ በአንደኛው በጥይት ከተመታች በኋላ እስከ አምስተኛው ድረስ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም። ነፍሰ ገዳይዋ ስኑፕ ብቻ ናት በሙሉ ኃይል የቆመችው፤ እርሷንም ከባልቲሞር ጎዳና አምጥተው በገዛ ስሟ አስጫወቷት።

የኋላ ወንበር

እህቴ፣ ከባድ ነጥብ አነሣሽ።

እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ ሴቶቹ መጥፋታቸው ራሱ ክሱ ነው። ፖሊሱ ይረሳቸዋል፣ ማኅበሩ ይረሳቸዋል፣ ተመልካቹም በፍራንክ ሐዘን ተጠምዶ ይረሳቸዋል። ግሪኩ በመጨረሻው ክፍል በአውሮፕላን ሲወጣ የምናየው ለዚህ ነው። በማጠቃለያው የሥዕል ቅንብር ላይም ከከባድ መኪና እየወረዱ የሚገቡ ሌሎች ሴቶችን ያሳያል። ድራማው አልረሳቸውም።

ስለ ፍራንክ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ልቡ ንጹሕ ነው ብዬ አላውቅም። የወደቡ ፖሊስ ቢዲ ራስል እየደጋገመች ሕሊናውን ስትነካው ዝም ማለቱ፣ የሚሞትበትን መንገድ ያዘጋጀው ያ ዝምታ ነው።

የዜና ክፍሉ ሰው

ጋዜጠኛ ነኝ፤ አምስተኛውን ሁላችሁም መጨረሻ አድርጋችሁ አልፋችሁታል። ግማሹን ልከላከል፣ ግማሹን ከእናንተ ብሼ ልተች።

ብዙ ሰው የአምስተኛው ምዕራፍ ፍሬ ነገር ዘጋቢው ቴምፕልተን የሚፈጥረው ሐሰተኛ ዜና ይመስለዋል። ዋናው ግን ጋዜጣው የማይጽፈው ነው። ከንቲባው ቁጥር እንዲስተካከልለት ፖሊሱን ሲያስጨንቅ ጋዜጣው አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ውጤት እንዴት እንደሚቀባ አያውቅም። ዘጋቢዋ አልማ የሦስት ሰዎች ግድያ ዘገባዋ የፊት ገጽ ይሆናል ብላ ንጋት ላይ ጋዜጣውን ፍለጋ ትወጣለች፤ ውስጥ ገጽ ተቀብሮ ታገኘዋለች። ከዚያ ዕፅ ሻጮችን የሚዘርፈው ኦማር በሱቅ ውስጥ በአንድ ሕፃን ልጅ እጅ ሲገደል፣ አምስት ምዕራፍ ሙሉ የተከተልነው ሰው፣ ዜናው አጭር ማስታወሻ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይደርስና ቦታ ጠፍቶ ይጣላል። የቦታ ጉዳይ ነው፤ ክፋት የለበትም። በሙያዬ ውስጥ እንዲህ የሚያስደነግጠኝ ትዕይንት የለም፤ እኛም ስንቱን እንዲህ እናልፋለን።

አሁን ትችቴ። ማክነልቲ ለምርመራው ገንዘብ እንዲለቀቅ ሲል ጎዳና ተዳዳሪዎችን የሚገድል ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ መፍጠሩ አያሳፍረኝም፤ አራት ምዕራፍ ሙሉ አለቆቹ በቁጥር ሲዋሹ የኖረ ሰው ነው። የሚያሳፍረኝ ጥድፊያው ነው። ባለ ፔጀሩ እንዳለው በአንደኛው ምዕራፍ ስልክ ለመጥለፍ ስንት ክፍል ፈጀ። በአምስተኛው መርማሪው ሌስተር የዕፅ አለቃውን የማርሎን ስልክ በሕገ ወጥ መንገድ ሲጠልፍ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሌሎቹ 12 እና 13 ክፍል ሲኖራቸው አምስተኛው 10 ብቻ አለው፤ ጉዳቱ በየትዕይንቱ ይታያል።

ቴምፕልተንም እንዲሁ። ሳይመን ከዝግጅት ክፍሉ የወጣው በ1995 ነው፤ በጋዜጣው አለቆች ላይ የነበረው ቁጣ አልበረደም። ስለዚህ አዘጋጁ ጋስ እንከን የለሽ፣ ቴምፕልተን ደግሞ ውሸታም ብቻ ሆነው ቀሩ። ዚጊን ከመሰለ ከንቱ ልጅ ሰው ያወጣ ደራሲ ለቴምፕልተን አንድ ምሽት እንኳ ከቤቱ ጋር ሊያሳየን አልቻለም። ቴምፕልተን የፑሊትዘር የጋዜጠኝነት ሽልማት ሲያገኝ፣ ጋስ ወደ ቅጂ አራሚዎች ጠረጴዛ ሲወርድ፣ ሰዎቹን ገና ስላላወቅናቸው ፍርዱ ከላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ከዚህ ምዕራፍ የማልለቀው የባብልስን ነው። ዘጋቢው ፍሌቸር ለሳምንታት አብሮት ድሆች በነፃ በሚመገቡበት ሾርባ ቤት ይውላል፣ ያዳምጣል፣ ከጻፈ በኋላም ሰውየው ፈቃዱን እስኪሰጥ ይጠብቃል። ጋዜጠኝነት እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያሳየው እርሱ ነው፤ በሚገርም ሁኔታ ከሐሰተኛው ነፍሰ ገዳይ ያነሰ ደቂቃ ተሰጥቶታል።

ባለ ፔጀሩ

ጋዜጠኛው ስለ ጥድፊያው የጻፈው ለእኔ ወገን ምስክር ነው። አንደኛው ምዕራፍ ታጋሽ ነበር። ትዕግሥቱ ሲጠፋ ድራማው ሌላ ነገር ሆነ።

አራት በሦስት

ስለ ምስሉ ማንም አላለም። ድራማው በመጀመሪያ የተሠራው በአሮጌው የቴሌቪዥን መጠን፣ አራት በሦስት ነው። በ2014 በሰፊው መጠን ተስተካክሎ ወጣ፤ አሁን በኢንተርኔት የምታዩት እርሱን ነው። በእኔ ዓይን ሰፊው ለሁለተኛው ምዕራፍ ጠቅሞታል፤ ክሬኖቹና ባሕሩ ቦታ አገኙ። አንደኛውን ግን ጎድቶታል። ያ የምድር ቤት ቢሮ መጥበብ አለበት።

የመክፈቻው ዜማም በየምዕራፉ በሌላ ድምፅ ይዘፈናል። የአራተኛውን የዘፈኑት የባልቲሞር ወጣቶች ናቸው፤ ለትምህርት ቤቱ ምዕራፍ የሚገባው ድምፅ ነው።

ገና ጀማሪ

ማስጠንቀቂያውን አይቼ ደረጃዎቹን ብቻ ነው ያነበብኩት። አንደኛውን ምዕራፍ ሁለት ክፍል አይቼ ንግግሩ አልገባኝም። ልቀጥል?

ጥቁር ሰሌዳ

ቀጥይ ልጄ። የግርጌ ጽሑፉን አብሪው፤ የባልቲሞርን አነጋገር እዚያው አሜሪካ የተወለዱትም ያለ እርሱ አይከተሉትም ትላለች ልጄ። እስከ አራተኛው ክፍል ታገሺ፤ ስሞቹ ከፊት ጋር ይገጥሙልሻል። ሁለተኛውንም እንዳትዘልዪ።

ሠላሳ ሦስተኛ ፎቅ

የኋላ ወንበር፣ መልስህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የመጨረሻውን የሥዕል ቅንብርም ከፍቼ አየሁት። አዎ፣ ሴቶቹ ከመኪናው ይወርዳሉ። ጥቂት ሰከንድ ነው። ፊታቸውን ለማየት አይበቃም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሦስተኛ ላይ አኖረዋለሁ፤ አራተኛው፣ አንደኛው፣ ከዚያ እርሱ። ቢዲ ራስልን ያንን ኮንቴይነር የከፈተች ብቸኛ ሰው አድርገው ጀምረው፣ ከሦስተኛው ክፍል በኋላ የወንዶቹ ረዳት አደረጓት። ምርመራውን እርሷ እንደያዘች ቢዘልቁ ኖሮ ሁሉንም ምዕራፎች የሚበልጥ ይሆን ነበር። አሁንም ዝለሉት አልልም፤ ሴቶቹን እያያችሁ እዩት።